ጋሼ ይባቤ ጡት የጣለበት ክረምት

ባለፈው ለዓይኔ ብለው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም መርፌ ልትወጋኝ ክንዴን በጥጥ ጠረግ ስታደርገው፣ የዚያ ቀዝቃዛ ነገር ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ። መርፌውንስ አላወቅሁትም። ያለሁበት ጠፋኝ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

«የለም ልጄ፣ ዳግም ሸተተኝ።»

ምን ታውቀዋለች። ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ ነው፤ እሳት ሲያስጠጉት ሰማያዊ ሆኖ የሚነድ። እናቴ ታወጣው የነበረው እሱን ነው። በአገራችን የእሷን ዳግም የሚያህል አልነበረም፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፣ በኋላ የመጣብን ነገር ሁሉ ከዚያ ስለመጣ ነው።

ዘመኑ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። እኛ ከከተማው ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ አገር፣ ወንዝ ዳር ነበርን። ከተማው የጣሊያን፣ ገጠሩ የአርበኛ። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱንም ሰውንም ጫካ እናስገባለን፤ ሲሄድ ወጥተን የተውነውን ሥራ እንቀጥላለን። እኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ገና አልተተካም።

ሥራዬ ውሃ መለወጥ ነበር። ድፍድፉ በትልቅ ማድጋ ይጣዳል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ ከአንገቱ መቃ ተሰክቶ ወደ ትንሽ እንስራ ይወርዳል። ትንሿ እንስራ ውሃ በሞላ ገበቴ ውስጥ ትቀመጣለች። ያ ውሃ ሲሞቅ እየደፋሁ ቀዝቃዛ እጨምራለሁ። ካልቀዘቀዘ አረቄው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል፤ ያን ቀን የእናቴን ቁጣ የሚችል የለም። ጠብታው ሲወርድ ጆሮዬን መቃው ላይ አስጠግቼ እሰማ ነበር። ማድጋው ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ተቀምጦ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ይባቤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ከጦርነቱ በፊት ስለሞተ የሚያርስልን እሱ፣ አጥሩን የሚያጥርልን እሱ፣ እኔንም ሙጬ እያለ በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ እሱ። ዘምቶ ተመልሷል። ከተመለሰ ወዲህ አረቄ ሳይቀምስ አፉን አይታጠብም። ጥዋት ጥዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ መለኪያውን ስትሰጠው ግማሹ ጺሙ ላይ ይፈስሳል። ሁለተኛውን ሲጠጣ እጁ ጸጥ ይላል። እኔ የወንድ እጅ ሁሉ ጤዛ እንዳለበት ሣር ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። ብርድ ነው ብዬ እየተንጠራራሁ ጋቢውን ትከሻው ላይ እጥልለታለሁ። «ይችን እናቴን እዩልኝ!» ይላል። ሰክሮ አይሳደብም፣ አይደባደብም። ዝም ብሎ ይጠጣል፣ ያርሳል፣ ይጠጣል።

በዳግማይ ትንሣኤ ቅዳሴው ሲያልቅ የንስሐ አባታችን መምሬ አንዱዓለም ሕዝቡን አቆሙት።

«የአርበኞቹ አለቃ ልኮብኛል። እህሉ ለስንቅ ይሁን። አረቄ ያናገረው ሰው ስንቱን ወንድማችንን አሳልፎ እንደሰጠ እናንተም ታውቃላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አረቄ ያወጣ፣ የሸጠ፣ የደበቀ ውጉዝ ይሁን!»

ሕዝቡ «አሜን» አለ። እናቴም አለች።

የዚያኑ ቀን ማድጋውን በገዛ እጅዋ በሙቀጫ ዘነዘና ሰበረችው። አረቄውን ሁሉ ደጅ ደፋነው። ጎረቤታችን አያ ፈንቴ አጥር ላይ ተደግፎ ያያል።

«ጥሩዬ፣ መሬቱን አሰከርሽው እኮ! ዘንድሮ ጤፉ እየተንገዳገደ ሊበቅል ነው።»

«አንተ ምን አለብህ፣ ሳቅ!»

«ምን ላድርግ፣ ላልቅስ? ላለቅስስ ነበር፣ ይባቤ ቀደመኝ።»

እውነትም ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። በኋላ ዞሮ «እኔ እንደሆንኩ በቃኝ ብያለሁ» አለ። «ወንድሞቼ ዱር እያደሩ እኔ በመለኪያ አልሞትም። ከንፈሬ ከነካው መምሬ እንዳሉት ልሁን።» እናቴ ስማ አቀፈችው።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። አንዲት ጠርሙስ ነበረችን። ጣሊያኖች ጠጥተው የጣሏት፣ አረንጓዴ። ዓይኔ ላይ አድርጌ ፀሐይን ሳይባት ዓለሙ ሁሉ የወንዝ ውስጥ ይመስል ነበር። እናቴ ዳግም ሞልታ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፋት ከጓዳ አስቀምጣታለች። የሚሰበረው ሲሰበር «እሷም ልትሰበር ነው» ብዬ ነጥቄ ከገለባው ክምር ውስጥ ቀበርኳት። አረቄውን ፈልጌ አይደለም፤ አረንጓዴውን ነው። ግን የደበቀ ውጉዝ ይሁን ተብሏል፣ እኔም አሜን ብያለሁ።

በማግስቱ ጋሼ ላብ በላብ ሆነ። በሁለተኛው ቀን እህል አልቀመሰም፤ ጥዋት ስነሳ ግድግዳ ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኘሁት፣ እንቅልፍ ሳይወስደው ነግቶበት። እጁ ፀሐይ ሞቆም አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን «ሥራ ይሻለኛል» ብሎ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ። እኔ በሶ ይዤ ተከተልኩት።

ሁለት ትልም ሄደ። በሦስተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጉሮሮው የሰው የማይመስል ድምፅ ወጣ፤ ጥጃ ሲታረድ እንደሚለው። ከዚያ እንደ ግንድ ወደቀ። ጥርሱ ገጠመ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ተረከዙ የታረሰውን አፈር ይደበድበዋል። አረፋው ደም ነበረበት፤ ምላሱን ነክሶታል። በሬዎቹ አንገታቸውን መልሰው ያዩታል። እኔም አየዋለሁ፤ መጮኼን ያወቅሁት ሰው ሲሮጥ ሳይ ነው።

«አትንኩት! አረፋው ይጋባል!» ይላል አንዱ። ሌላው ጨርቅ አቃጥሎ ያጨስለታል። እናቴ ሁሉንም ገፍታ ገባችና ራሱን ከጭኗ ላይ አደረገች። «የኔ ወንድም፣ የኔ አካል፣ እኔን ያድርገኝ።» መንፈራገጡ ሲያበቃ እንደ ሕፃን አንኮራፋ። ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና «በሬዎቹስ?» አለ።

በዚያው ሰሞን ከላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ምድጃ ላይ ወድቀው ተቃጠሉ፤ ከወንዝ ማዶም አንድ ወደቀ ተባለ። ሁሉም ጠጪዎች። አገሩ ተሸበረ። አንዱ አውሮፕላኑ የበተነብን መርዝ ነው ይላል። ሌላው ማድጋው ሲሰበር የአረቄው ቆሌ ተቆጥቶ ነው ይላል። መምሬ አንዱዓለም ደግሞ «ያደረባቸው የባርያ መንፈስ ምግቡ ሲቀርበት ነው የሚጥላቸው፤ ጠበል ውሰዱት» አሉ።

እኔ ግን አውቄዋለሁ። የተወገዝኩት እኔ ነኝ፤ እግዜር ሲወረውር ስቶ እሱን መታው። አያ ፈንቴ የተወገዘ ሰው ሲሞት አፈር አይበላውም ሲል ሰምቼ ነበር። ጋሼ የወደቀበት ትልም ዘንድ ሄጄ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀበርኩና ጠበቅሁ። ሳወጣው እግሬ ደህና ነው። አምስቱም ጣት አለ። አፈር አልበላኝም! እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን ወደ ጠበሉ ተነሣን፤ እናቴ፣ ጋሼ፣ አያ ፈንቴና እኔ። ጠርሙሷን ትቻት ብሄድ ያገኟታል ብዬ ፈራሁና በቀሚሴ ጠቅልዬ ከበሶው ስልቻ ውስጥ ከተትኳት። ስልቻውን የምሸከመው እኔ ነኝ።

ጠበሉ ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ታች ገደል ሥር ነው። ውሃው ከዓለት ይወርዳል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋሼን ሲያስገቡት ውሃው ገና ራሱ ላይ ሲያርፍ ያ ድምፅ ደግሞ ወጣ። ወደቀ። «ጮኸ! ሊለቅ ነው!» ብለው ሰዎቹ እልል አሉ። እኔም ለቀቀው ብዬ ደስ አለኝ። ሲነቃ ግን ጋሼ አልነበረም። እናቴን «አንቺ ማነሽ?» አላት። ሊሮጥ ተነሣ፤ ገደል እንዳይገባ አያ ፈንቴ ወገቡን በመጫኛ ከወይራ ዛፍ ጋር አሰረው። ሲያስረው ያ ቀልደኛ ሰው ፊቱ በእንባ ታጥቦ ነበር።

በማግስቱ ጥዋት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጋቢውን ይለቅማል።

«ሙጬ፣ ጉንዳኑን አንሺልኝ። በላኝ እኮ!»

አየሁ፣ ምንም የለም። ኃጢአተኛ ስለሆንኩ ነው የማይታየኝ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ እሱ የሚያሳየኝን ቦታ እየተከተልኩ በሁለት ጣቴ ለቀምኩለት። ለቀምኩና እቅፌ ውስጥ፣ ለቀምኩና እቅፌ ውስጥ። «ጎሽ፣ ጎሽ የኔ እናት» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ወዲያ ነው፣ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል።

እማሆይ አጸደ ያገኙን እንዲህ ሆነን ነው። እዚያው ገደሉ ሥር ባለች ጎጆ የሚኖሩ፣ ሰውነታቸው የደረቀ፣ ድምፃቸው የወንድ የመሰለ መነኩሲት ናቸው። ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«መውደቅ ከጀመረ እማሆይ?»

«የለም። ከተወ።»

እናቴ አቀረቀረች። «አምስት።»

«በቀን ስንት ይጠጣ ነበር?»

«አረቄ አውጪ ነኝ እማሆይ። በቤቱ ማን ይቆጥርበታል?»

እማሆይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም ዓለሙን ሳልንቅ በፊት ደምበጫ ላይ አረቄ ቤት ነበረኝ። ባርያም አውቃለሁ፣ አረቄም አውቃለሁ። ይኼ አረቄ ነው። ደሙ ለምዶታል። ድንገት ሲነጥቁት ደሙ ያብዳል። በአንድ ቀን ቁረጡ ያልናቸው ሦስት ሰዎች እንዲሁ የሌለ ተባይ እየለቀሙ ሞተውብኛል።»

«ሊሞት ነው?»

«ጥጃ እንኳ ጡት የሚጥለው በአንድ ቀን ነው እንዴ? ትንሽ ማግኘት ነበር። ትንሽ ሰጥቶ፣ በማግስቱ ከዚያ አሳንሶ፣ እንዲያ እያሉ ማስጣል።»

«ከየት ላምጣ? ማድጋዬን ሰበርኩ፤ አገሩ ሁሉ ደፍቷል። ግዝቱስ?»

«መጀመሪያ ይገኝ።»

እኔ ብናገር ውጉዝነቴ ሰው ፊት ይወጣል፤ እናቴ ትተወኛለች፣ ቤተ ክርስቲያን አያስገቡኝም፣ ስሞትም አፈር እምቢ ይለኛል። ዝም ብል ደግሞ ጋሼ ጉንዳን ሲለቅም ሊሞት ነው። ወደ እሱ ዞር አልኩ። ከእቅፌ ውስጥ የሌለውን ጉንዳን እያነሣ ይቆጥራል።

«እኔ አለኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ስልቻውን ገልብጬ ጠርሙሷን አወጣሁ፣ በሶው ሁሉ ፈሰሰ። እናቴ ጠርሙሷን አየች፣ እኔን አየች። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«እማሆይ፣ ደብቄያት ነው። አሜን ብዬ ደብቄያት ነው።»

«አንቺማ አልደበቅሽም» አሉኝ። «አቆየሽ እንጂ። ደበቀች ካሉም ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ እኔ አሮጊት ነኝ፣ የሚከብድብኝ የለም።»

የጠበሉን አገልጋይ፣ ዓይናቸው የደከመውን አባ፣ እማሆይ ሄደው ጠየቋቸው። ሲመለሱ እየሳቁ ነው። «ዓይኔ አያይ፣ አፍንጫዬንም ጉንፋን ይዞታል፤ ብቻ ጠበሉን ያስቀድም አሉ።»

መለኪያ ስላልነበረን እማሆይ ከሰው ቤት ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት ለምነው አመጡ። በዚያ ቀድተው አፉ ላይ አደረጉለት። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ጥቂት ቆይቶ እጁ ጋቢውን መልቀም ተወ። ራሱን ወይራው ላይ ጣለና አንቀላፋ፤ ከአምስት ቀን በኋላ። እናቴ ትንፋሹን ለማዳመጥ ደረቱ ላይ ተደፋች፣ እኔ ደግሞ እናቴ ላይ።

ከዚያ ጠርሙሷን የምጠብቅ እኔ ሆንኩ። «ልጅ አይሰርቅም፣ አይራራም» አሉ እማሆይ። ስንት ቅርፊት እንደሆነ ጥዋት ይነግሩኛል፤ በየቀኑ ይቀንሳሉ፤ በጠበል ያቀጥኑታል። ጋሼ አእምሮው ሲመለስ ቀልዱም አብሮ መጣ።

«ሙጭዬ፣ ይኼን ቀድተሽ ነው ወይስ አልበሽ?»

አንድ ቀን ግን አልቀለደም። እናቴ እንጨት ለቀማ ሄዳለች፣ እማሆይ ጸሎት ላይ ናቸው። እጄን ያዘኝ። «አንድ ጨምሪልኝ። አንድ ብቻ። ማን ያያል?»

«እማሆይ አራት ነው ያሉት።»

«በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ!»

«አራት ነው ያሉት።»

«አንቺ ድንጋይ! የድንጋይ ልጅ!» ብሎ ወረወረኝ። ጠርሙሷን እንዳትሰበር እቅፍ አድርጌ ወደቅሁ፤ ክርኔ ተላጠ። እሱ ደሙን ሲያይ ፊቱን ከወይራው ጋር አጣበቀና ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ደግሞ ሊወድቅ ነው ብዬ ራሱን ልይዝለት ሮጥኩ። ለካ እያለቀሰ ነው። «አትስጪኝ» አለኝ። «ብለምንሽም አትስጪኝ።»

እንዲህ ሆኖ ጡት ጣለ። ቤታችን የተመለስነው ዝናቡ ሲጀምር ነው።

ያን ክረምት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ በጉሙ ምክንያት ብዙ አይመጣም ነበር። ሆዳችን ባዶ ነው፤ ጎመንና ድንች ነው የምንበላው። ግን ጋሼ ይባቤ ሙሉ ሰው ነበር። ጥዋት ከሁሉ በፊት ተነሥቶ ያፏጫል። ለእናቴ ክር በመርፌ ዓይን ያስገባላታል፣ ክሩን አንዴ በምላሱ እርጥብ አድርጎ ሽው! እናቴ ሆን ብላ ክሩን እየመዘዘች እንደገና አስገባልኝ ትለዋለች፤ እጁን ለማየት ነው። የማተቤ ክር በስብሶ ስለነበር አዲስ ገመደልኝ፣ ሦስት ቀለም አድርጎ። ወንዙ ሲሞላ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሻግረኛል፤ መሐል ላይ ቆሞ «ልጣልሽ?» ይላል፣ «ጣለኝ!» እላለሁ፣ አይጥለኝም። ዘግይቶ የተዘራው ጤፍ በቀለና አያ ፈንቴ መጥቶ አየው።

«አይ ይባቤ፣ ጤፉ እንኳ ቀጥ ብሎ በቀለ! እኔ ሲንገዳገድ ላየው ስንት ቀን ጠበቅሁ።»

«አንተ ስትንገዳገድ ማየት አይበቃህም?» አለው ጋሼ። ሁለቱ እየተደጋገፉ ሳቁ። ሳቁን እስካሁን እሰማዋለሁ። ያን ጊዜ የሚያልቅ አይመስለኝም ነበር፤ ልጅ ክረምት የሚያልቅ አይመስለውም።

መስቀል አለፈ። አንድ ቀን ከአርበኞቹ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንደኛው ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሸታል። ከመምሬ አንዱዓለም ጋር ነው የመጡት። ቁስለኛ በዝቷል፣ የቁስል ማጠቢያ የለም አሉ። «የጥሩዬ ዳግም ቁስል ያደርቃል ይባላል። ለዚህ ነገር ግዝቱ ተፈቷል» አሉ መምሬ። እናቴ ወንድሟን አየች። የሰውየው ክንድ ትል ጀምሮታል። እንዴት እምቢ ይባላል?

ማድጋውን ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ተሸክሞ ያመጣላት ጋሼ ራሱ ነው። ምድጃውን ሠራላት፣ መቃውን ቀርጾ ሰካላት። ድፍድፉ እስኪደርስ ባሉት ቀናት ማፏጨቱን ተወ። የመጀመሪያው ጠብታ የወረደ ቀን እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጋቢውን ለብሶ በትሩን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። እናቴ በሩ ላይ ናት።

«ጓዳ ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«ሽታውንስ ትቆልፊዋለሽ እህቴ? ሞትን አንዴ አምልጬዋለሁ። ሁለተኛ የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

«የት ልትሄድ?»

«መርጡለ ማርያም፣ የአባታችን ዘመዶች ዘንድ። እርሻ አያጡኝም። ጤፉን ፈንቴ ያጭድልሻል፤ ነግሬዋለሁ።»

ከእኔ ይልቅ እናቴ ገብቷት ነበር። ሄዳ እግሩን ሳመችው፣ ታላቋ እሷ ሆና ሳለ።

እስከ ወንዙ ተከተልኩት። ውሃው ጎድሎ ድንጋዮቹ ወጥተዋል፤ በትከሻ መሻገር ቀርቷል።

«ተመለሺ፣ እናትሽ ብቻዋን ናት።»

«መቼ ትመጣለህ?»

«አንቺ ጥርስሽ ሲበቅል።»

«በቅሏል እኮ!» ብዬ አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። «አይ፣ ገና ነው» አለና ግንባሬን ስሞ ተሻገረ።

ማዶው ዳገት ነው። ሲወጣ አየዋለሁ። አልተንገዳገደም፣ አልቆመም፣ እግሩ አልሰነፈም። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምነው አሁን ቢወድቅ ብዬ ተመኘሁ። ያን ክፉ አወዳደቅ አንዴ ቢወድቅልኝ፣ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ራሱን ይዘን እንጠብቃለን፣ ሲነቃ ተሸክመን ቤት እንመልሰዋለን። አጥብቄ ተመኘሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

እሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከዳገቱ ጀርባ ሄደ።